አረንጓዴዋ ብቻ በራች

ሰኪና ነገሩን የሰማችው ከሱቁ ጓዳ፣ በጆንያዎች መካከል ቁጢጥ ብላ ሩዝ ስትለቅም ነው። ጓዳውን ከሱቁ የሚለየው ቀለሙ የተላላጠ ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ ወዲያ የተተነፈሰው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። የባሏ ታላቅ ወንድም ታጁ ባንኮው ላይ ክርኑን አስደግፎ ከሽንኩርት ነጋዴው ከዘመነ ጋር ይሳሳቅ ነበር።

«እንደ ጅብ ዓይን ቦግ ትላለች» ይላል ታጁ። «የቆምሁበት ቦታ ሁሉ ‹ያቺ ቀይ መብራት ምንድር ናት? ሞተርህ ታማለች እንዴ?› የማይለኝ የለም። ሠሪው ደግሞ ‹ዘይት ታፈሳለች፤ ትፈታና ዕቃ ከባሕር ዳር ይምጣላት› አለኝ። ለእሷ ብዬ ባሕር ዳር ልሂድ? አምፖሏን አስነቀልኋታ! ከዚያ ወዲያ በሽታ የሚባል አያውቃት።»

«ሐኪሙን ገድዬ በሽተኛውን አዳንሁት በለኛ!» አለና ዘመነ ከት ብሎ ሳቀ። ታጁም ሳቀ።

የሰኪና ጣቶች ሩዙ ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ያቺ ሞተር ሳይክል አሁን የታጁ አይደለችም። ባለፈው ጁምዓ ለልጇ ለአብዱረህማን ተሰጥታለች። ያውም እንዲያው አልተሰጠችም፤ ታጁ ሰፈሩን ጠርቶ፣ ፍየል አርዶ፣ ፋቲሃ ተቀርቶና ዱዓ ተደርጎባት ነው። «ልጃችን አድጓል፤ ከሱቅ ሱቅ ዕቃ እያደረሰ ራሱን ይቻል» ብሎ ቁልፉን በልጁ መዳፍ ሲያስጨብጠው ሴቶቹ እልል አሉ። ቁልፉ ሲዞር ከመሪው መካከል ካሉት መብራቶች አረንጓዴዋ ብቻ በራች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው አይተው «አረንጓዴ በራች! ኸይር ነው፣ የደጋጎቹ ቀለም ናት» ሲሉ ሁሉም አሚን አለ። ሰኪናም አሚን ብላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረታ ውስጥ የታጁ ደግነት ያልተነሣበት ሱቅ የለም። «አጎት ማለት እንዲህ ነው» ይሏታል መንገድ ላይ እያስቆሙ፤ እሷም «አላህ ይስጠው» እያለች ታልፋለች።

ክፉ ክፉውን የምታስብ ሴት መሆኗን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ሲያስነጥስ ሳንባ ምች፣ ሰማዩ ሲጠቁር የርብ ወንዝ ሞላ፣ ስልክ ካልተነሣ ሰው ሞተ የምትል ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የቀረች በመሆኗ ደግሞ ፍርሃቷን በጋዜጣ ቋንቋ ትናገራለች እያሉ ይስቁባታል። ታጁ «ሟርተኛዋ» ነው የሚላት፣ በቀልድ አስመስሎ። ስለዚህ ዛሬ የምትለው ነገር ገና ከአፏ ሳይወጣ ዋጋው የወደቀ መሆኑን ታውቀዋለች። ቀኑ ደግሞ የይፋግ ገበያ ነው። ልጇ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለት ካርቶን ሳሙናና አንድ ካርቶን ዘይት ከኋላው ጭኖ፣ ከጎንደር ከሚወርዱት ጭነት መኪናዎች ጋር እየተጋፋ፣ የርብን ድልድይ ተሻግሮ ሊሄድ ነው።

ዘመነ ተሰናብቶ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሱቁ ወጣች። ታጁ የምግብ ዘይቱን ጀሪካን በጨርቅ እየወለወለ ነበር፤ ዘይት ከትናንት ዛሬ ዋጋው አንድ ደረጃ ስለወጣ ጀሪካኖቹን ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ዓይን ወደማያርፍባቸው መደርደሪያ እያዛወራቸው ነው።

«አያ ታጁ፣ የሞተሯ ቀይ መብራት ምን ብላ ነበር የምትበራ?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «ከጓዳ ሆነሽ ጆሮሽን ቀስረሽ ነበር?»

«ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጆሮ መቀሰር አይፈልግም።»

«መብራት ናት በቃ። ባትሪ ትበላለች፤ አስወጣኋት። አንች ደግሞ አሁን ከእሷ ውስጥ ሬሳ ልታወጭ ነው። እስቲ አታሟርች፣ በገበያ ቀን!»

አፏን ልትከፍት ስትል የታጁ ልጅ ሰብሪና ከመንገዱ በኩል እየሮጠች ገባች። የእናቷ እህት ይፋግ ወልዳ ልትጠይቃት እየሄደች ነው፤ ሂጃቧን አጥብቃ አስራለች፣ በእጇ የሕፃን ልብስ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላለች። «አባ፣ በአብዱ ሞተር ልሂድ? እሱም ይፋግ ነው የሚሄድ፤ ለሚኒባስ ምን ያስከፍለናል?» አለች።

«አይሆንም» አለ ታጁ፣ ቃሏን ሳትጨርስ። «አንች በሚኒባስ ትሄጃለሽ።»

«ለምን?»

«ብያለሁ!»

ሰብሪና ከንፈሯን ጥላ ወጣች። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሰኪና የባሏን ወንድም ፊት ለፊት አየችው፤ እሱም አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሚዛኑ መልሶ ያልተበላሸውን ሚዛን ያስተካክል ጀመር። ከዚህ በኋላ ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም። ሰውየው አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ታዝን ነበር እንጂ አትናደድም። ያውቃል። የገዛ ልጁን ከዚያች ሞተር ለመከልከል የሚበቃውን ያህል ያውቃል።

የሰኪናና የባሏ ቤት ከሱቁ ጀርባ፣ ታጁና ባሏ ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፎበት፣ በአንድ ጥግ ድምፁ የማይሰማ ቴሌቪዥን ተቀምጦበት፣ በሌላው ጥግ ሱቁ ውስጥ ቦታ ያልተገኘለት የብስኩት ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሎበታል። ካርቶኑ የታጁ ነው። ክፍሉ የባሏ የመሐመድአወል ነው ቢባልም በካርቶኑ የሚያዘው ታጁ በመሆኑ፣ ማታ ማታ እግራቸውን የሚዘረጉት ከካርቶኑ የተረፈው ቦታ ላይ ነው። መሐመድአወል ጭነት አራግፎ ገብቶ ምሳውን ይበላል። ሩዝና የድንች ወጥ ነው። ሰኪና ፊቱ ቁጭ ብላ የሰማችውን ሁሉ፣ የሰብሪናንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ ዝም ብሎ ጎረሰ። ሌላም ጎረሰ። ውሃ ጠጣ። ከሱቁ በኩል የታጁ ሳል ሲሰማ እጁ ከሳህኑ ላይ ትንሽ ቆም አለ፤ ሳሉ ሲያቆም እንደገና ጎረሰ። እንዲህ ነው ሁልጊዜ። ይህ ሰው በወንድሙ ፊት ሳል እንኳ ሲያፍን የኖረ ነው።

«ፋቲሃ የተቀራበት ዕቃ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ሳህኑን ወደ ጎን እየገፋ። «ከዱዓ በኋላ ገልብጠሽ ብትመረምሪው፣ ምርቃቱን ለመረቁት ሰዎች መለስሽ ማለት ነው። ወንድሜ አኩርፎ ቢዘጋን ወዴት እንገባለን?»

«ልጅህስ ወዴት ይገባል?»

«አላህ አለ።»

«አላህማ አለ። አምፖሏን የነቀለው ግን አላህ አይደለም።»

መሐመድአወል ጋደም ብሎ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጣለ። ሰኪና ተነሥታ ቆማ ቁልቁል አየችው፤ የሚከራከር ባል ቢሆን ኖሮ፣ የሚሰድባት ባል ቢሆን ኖሮ፣ ያ እንኳ መነሻ ይሆናት ነበር። ዝምታ ግን በየትም በኩል አይጨበጥም።

አብዱረህማን ግቢው ውስጥ ሞተሯን እያጠበ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ሱሪው ያልታጠበ ልጅ ሞተሩን በቀን ሁለት ጊዜ ያጥባል። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገዳት አሮጌ ሞተር ናት፤ በነጭ ቀለሟ ላይ የተፋቀው የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ እንደ ቁስል ጠባሳ ይታያል። ሰኪና ከሥሯ ያለውን መሬት አየች። ሞተሯ ከምትቆምበት ሥር አፈሩ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ አሮጌ ካርቶን ተነጥፎበታል።

«ይህ ምንድር ነው?»

«ትንሽ ታንጠባጥባለች እማ። የድሮ ሞተር ሁሉ ያንጠባጥባል፤ አጎቴ ነግሮኛል።»

«እስቲ ቁልፉን አዙራት።»

አዞራት። መሪው መካከል ካሉት አራት ትናንሽ ክቦች አረንጓዴዋ ብቻ በራች። የልጇ ፊትም አብሮ በራ። «አየሻት? ደህና ነኝ እያለችሽ ነው! ምን የቀራት ነገር አለ?» አለና ሳቀ። «እማ ደግሞ፣ ሳትጋጭ መጋጨቷን የምታውቂ አንች ብቻ ነሽ።» ሰኪና የቀሩትን ሦስቱን ክቦች አየች። ምን እንደሆኑ አታውቅም። ያወቀችው አለማወቋን ነው፤ ከታጁ በቀር በዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ የሚያውቅ እንደሌለም ታውቃለች። ፍየል ታርዶላት፣ ተመርቃ፣ እልል ተብሎላት፣ አንድም ሰው «ይህች መብራት ምንድር ናት?» ብሎ አልጠየቀም። ዱዓ ያደረጉት ለማያውቁት ነገር ነው።

ነጠላዋን ደርባ ወጣች። «እንዳትሄድ፤ እኔ ሳልመለስ ከዚህ ግቢ አትወጣም» አለችው፤ እሱ ግን የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ እየፈተገ «እሺ እሺ» አለ፣ ለእናቶች የሚባለውን እሺ።

የመኸር ወቅት ነው። ወረታ በዚህ ጊዜ የሩዝ ገለባ አቧራ ትለብሳለች፤ ከመፈልፈያ ቤቶቹ የሚነሣው ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሜዳው ላይ የቀረው የሩዝ ቃርሚያ ሩቅ ድረስ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አስፋልቱ ዳር ባጃጆች ይነፋፋሉ፣ የጫኑ መኪናዎች ለደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ፍሬን ሲይዙ እንደ እንስሳ ያቃስታሉ። ሰኪና እያንዳንዱን መኪና ስታይ ከሥሩ ልጇን ታያለች። እንዲህ ዓይነቱን ምስል ራሷን ነቅንቃ ለማባረር ለምዳለች፤ ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላባረረችውም። ይቀመጥ አለች። ዛሬ ይጠቅመኛል።

መሠረትን ያገኘቻት ከመገንጠያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በር ላይ ነው። መሠረት የግብርና ባለሙያ ናት፤ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር እየዞረች የሩዝ ማሳ ታያለች፣ ከሰኪና ጋርም አንድ ክፍል ተምረዋል። ሞተሯ ነጭ ናት፣ ከአብዱረህማን ጋር አንድ ዓይነት፤ ዓርማዋ ብቻ አልተፋቀም።

«ሰኪናዬ! ዛሬ ምን አስወጣሽ? ፊትሽ ደግሞ መርዶ ይመስላል።»

«መርዶ እንዳይሆን ነው የመጣሁ። ቁልፍሽን አዙሪልኝ።»

መሠረት ሳቀች፣ ከዚያ የጓደኛዋን ዓይን አይታ መሳቋን ተወች። ሻይዋን አስቀምጣ ቁልፉን አዞረች። አረንጓዴዋና ቀይዋ እኩል በሩ። ሰኪና ቀይዋን ስታይ የሞተሯን ኮርቻ ያዘች።

«ሰማያዊዋ ረጅሙን መብራት ስታበሪ ናት። ቢጫዋ ስትታጠፊ ትጠቅሳለች» አለች መሠረት፣ በጣቷ እየነካች። «አረንጓዴዋ ማርሽ አልገባም፣ ቆሜአለሁ ማለቷ ነው።»

«ደህና ነኝ ማለቷ አይደለም?»

«ኧረ ምን ደህንነት! ቆሜአለሁ ብቻ ናት። ማርሽ ስታስገቢ ትጠፋለች። ቀይዋ የዘይት ናት። ቁልፉ ሲዞር አንዴ በርታ ‹ነቅቻለሁ› ትልሽና ማርሽ ሲገባ ትተኛለች። እየነዳሽ ሳለ ከበራች ግን እዚያው ቀጥ ትያለሽ፣ ድልድይ ላይም ብትሆኝ።»

«ባይቆምስ?»

«የዚች ዓይነቷ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ነው የሚቃጠል። ሲያልቅ ውስጧ ያለው ብረት ይግልና እርስ በርሱ ይያያዛል። የኋላ ጎማው ድንገት ይታሠራል። በዝግታ ከነበርሽ ትወድቂና ትነሻለሽ።»

«በፍጥነት ከሆነስ?»

መሠረት ወደ አስፋልቱ ዞረች። አንድ ተሳቢ መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ አጠገባቸው አለፈ፤ ሁለቱም የመጨረሻው ጎማ እስኪያልፍ ተመለከቱት።

«ቁልፉ ሲዞር ቀይዋ ጭራሽ ካልበራች?»

«ያን ጊዜማ ቁልፉን አውጥተሽ በእግርሽ መሄድ ነው።»

ሰኪና አመሰግናለሁም አላለች። ከዙሁር የሚመለሱት ሰዎች መንገዱን ሲሞሉት አይታ በባጃጅና በሰው መካከል እየተሽለኮለከች ሮጠች፤ በዕድሜዋ በዚህ አስፋልት ላይ ሮጣ አታውቅም።

ስትደርስ ሞተሯ ከሱቁ በር ተገትራለች። ካርቶኖቹ በላስቲክ ገመድ ከኋላ ታስረዋል፣ አብዱረህማን ኮርቻው ላይ ወጥቷል፣ ታጁ በበሩ ቆሞ ለተላላፊው ሁሉ እንዲሰማ «ቢስሚላህ በል! ቢስሚላህ ብለህ ቀስቅስ!» ይላል። መሐመድአወል ከባንኮው ጀርባ ነው፤ ደብተር የሚያገላብጥ ይመስላል። ከመስጊድ የተመለሱ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ጉዞ ሊሸኙ ቆም ቆም ብለዋል። ሰኪና በመካከላቸው ሰንጥቃ ገባችና እጇን ልካ ቁልፉን ነቀለች።

«እማ!»

«ውረድ።»

«ምን ሆነሻል ደግሞ?» አለ ታጁ፣ ለሰዎቹ ፈገግ እያለ። «ሕልም አይታ ነው። ከልጇ ጋር መሄድ ነው የቀራት፣ ጡት ልታጠባው!» ሰዎቹ ሳቁ።

«አያ ታጁ» አለች፤ ቁልፉን በጡጫዋ ጨበጠችው። «ሰብሪና አልሄደችም፣ ያችትና ሚኒባሱ ሁሉ ሞልቶባት ከወዲያ ማዶ ቆማለች። ይጥሯትና ከልጄ ኋላ ያስቀምጧት። እርስዎ ልጅዎን ካስቀመጡ እኔ ቁልፉን እሰጣለሁ፣ ይቅርታም እጠይቅዎታለሁ፣ ከዛሬ ወዲያም ስለዚች ሞተር ትንፍሽ አልልም።»

«የካርቶኑ ቦታ...»

«ካርቶኑን እኔ በራሴ ተሸክሜ ይፋግ አደርስልዎታለሁ። ሰብሪናን ያስቀምጧት።»

ታጁ ወደ ማዶ አየ። ሰብሪና ፌስታሏን አንጠልጥላ፣ ምን እንደተባለ ሳትሰማ፣ አባቷ የጠራት መስሏት እጇን አወዛወዘች። እሱ እጁን አላነሣም። ከሳቁት ሰዎች መካከል ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። አንዱ «ምንድር ነው ነገሩ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። ታጁ አንገቱን ዳሰሰ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ሴት ልጅ በሞተር...» አለና ዓረፍተ ነገሩን የትም ሳያደርሰው ተወው።

አብዱረህማን ከኮርቻው ወረደ። ማንም አላዘዘውም። በጎን ያለውን የዘይት መጨመሪያ ክዳን አዙሮ ከፈተ፣ ከመሬት የአገዳ ስንጥር አንሥቶ እስከ ታች ሰደደው፣ አወጣው። ጫፉ ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ተለጥፏል፤ ሌላው ደረቅ ነው። ስንጥሩን ወደ ብርሃን ይዞ ቆመ። ከዚያ አጎቱን አየው። ሰኪና በዚያ ሰዓት የልጇ ፊት ላይ ያየችውን ነገር ለጠላቷም አትመኝም፤ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ በአንድ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ መሰለ።

«ጁምዓ ለታ ሞልተሃት ነበር አጎቴ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይጨመርባታ!» ታጁ ጮኸ። «ዘይት አለቀ ተብሎ ሰፈር ይሰበሰባል? ውለታ ቢስ ሁሉ! ሲያልቅ ይጨምራል፣ በቃ!»

«ማለቁን ማን ይነግረዋል?» አለች ሰኪና፤ እጇ ልትመታው የተነሣ ይመስል ተነሥቶ የሞተሯን መሪ ያዘ። «የምትነግረውን አንተ ነቅለህ ጣልሃት! ሠሪው ነግሮህ፣ አንተ አውቀህ፣ ለገዛ ልጅህ ፈርተህ፣ ለእኔ ልጅ ፋቲሃ አስቀራህበት!»

አንተ ስትለው ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለትዳር ወደዚህ ግቢ ከገባችበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ያለችው ሰው ነው። የሱቁ በር ላይ የነበሩት አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ግን አልታወቀም። ያን ጊዜ መሐመድአወል ከባንኮው ጀርባ ወጣ። ልቧ አንድ ጊዜ ተስፋ አደረገ።

«ሰኪና፣ ወደ ቤት ግቢ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «አያ ታጁን ይቅርታ ጠይቂና ግቢ።»

የገነፈለው ቁጣዋ በዚህች ቃል ላይ ረጋ፤ እንደረጋ ቅቤ ጠጠረ። ባሏን አልሰደበችውም። የላስቲኩን ገመድ ፈትታ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውርዳ ታጁ እግር ሥር አስቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ ሳሙናው እንዳይሰበር እንደምትጠነቀቅ። ከዚያ ልጇን «በዚያ በኩል ያዛት» አለችው። ሞተሯን አዙረው በእጃቸው ይገፏት ጀመር። ወዴት እንደምትወስዳት ያልገባው ሰው አልነበረም። የታጁ መኖሪያ ቤት ከመገንጠያው አለፍ ብሎ በደብረ ታቦር መንገድ ላይ ነው፤ ዱዓ የተደረገበትን ስጦታ ወደ ሰጪው በር መመለስ ደግሞ በዚህ አገር ከስድብም፣ ከዱላም፣ ከክስም ይብሳል። ዝምድና የሚቆረጠው እንዲያ ነው።

መንገዱ አጭር ነበር፣ ሰው ግን ብዙ። ሞተር የሚገፋ ሰው ሲታይ ወረታ ሳይጠይቅ አያሳልፍም። «ቤንዚን አለቀባችሁ?» አለች ጎመን ሻጯ። «አይደለም» አለች ሰኪና፣ ሳትቆም፣ «አያ ታጁ የዘይት መብራቷን ነቅሎ ነው የሰጠን።» «ካንዴላዋ አላቀጣጥል ብሏችሁ ነው?» አለ አንድ ባለ ባጃጅ። «አይደለም፣ ታጁ መብራቷን ነቅሎ ነው የሰጠን።» ለሚያውቋት ነገረች፣ ለማያውቋት ነገረች። አብዱረህማን መጀመሪያ «እማ፣ በቃ፣ አላህን ይዤሻለሁ» እያለ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ከጥቂት ጠያቂ በኋላ ግን መለመኑን ተወ፣ ቀጥሎም አንገቱን ቀና አደረገ። ሞተሯ ከባድ ናት። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላታል፣ ጫማዋ ከአስፋልቱ ይንሸራተታል፣ በጎኗ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ነጠላዋን ይስበዋል። አሁንም ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ልጇን ታየዋለች። ልጇ ግን ከሞተሯ ወዲያ ማዶ፣ በእግሩ፣ እያላበው ይሄዳል። ያንን አንድ ጊዜ ታያለች፣ ይህን አንድ ጊዜ ታያለች፣ ትገፋለች።

መሐመድአወል መገንጠያው ላይ ደረሰባቸው። ሮጦ ነው፤ ነጠላ ጫማው አንዱ ተበጥሶ በእጁ ይዞታል። የሞተሯን የኋላ ብረት ጨብጦ አቆማት። «መልሻት» አለ እያለከለከ። «በሩ ላይ ካቆምሻት አለቀልን። የአባቴ ልጅ ነው ሰኪና። መልሻት፣ እኔ ማታ አናግረዋለሁ።»

«ማታ» አለች።

«ማታ፣ በእርጋታ።»

ወደ ፊት ገፋች፣ እሱ ወደ ኋላ ሳበ። አብዱረህማን በመካከል መሪውን ይዞ፣ አንዴ እናቱን አንዴ አባቱን እያየ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ጎማ የሚጠግነው ባየህ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር፣ ከተነፋው የጎማ ካላማዳሪያ ላይ ቀና አለ። ባየህ ለታጁ ሱቅ ጭነት ባመጣ መኪና ሁሉ ጎማ ሥር የሚገኝ፣ ሁለቱንም ወንድማማቾች ከልጅነት የሚያውቅ ሰው ነው።

«መሐመድአወል! ምን ሆናችሁ? ምን አገኛችሁ?» አለ።

ሰኪና መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው። የተጠየቀው እሱ ነው። ዞራ አየችው፤ ልጇም ዞሮ አየው።

መሐመድአወል የተበጠሰ ጫማውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ዘይት...» አለ። «ዘይቷ አልቆ ነው።»

«ጨርሰው» አለች ሰኪና።

«ምኑን?»

«ዘይት የሁሉም ሞተር ያልቃል። የቀረውን ጨርሰው።»

አልጮኸችም። የምትጮህበት ነገር ከእንግዲህ አልነበረም። አብዱረህማን ስንጥሩን እስካሁን አልጣለውም ነበር፤ ከመሪው ጋር አጣብቆ ይዞታል፤ አባቱ ያንን አየ። የስንጥሩን ደረቅ ጎን ረጅም ጊዜ አየው፣ እንደሚለካው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ» አለ። «ወንድሜ ይህች ሞተር ገዳይ መሆኗን እያወቀ ለልጄ ሰጠው።»

ከጎንደር በኩል የመጣ ጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ መገንጠያው ውስጥ ገባና ቃሉን ዋጠው። ባየህ ጥቁር እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አንገቱን አሰገገ።

«አልሰማሁህም!» አለ።

መሐመድአወል የሞተሯን ብረት ለቀቀ። ፊቱን ወደ መጡበት፣ ወደ ሱቁ አዞረ፣ መኪናው እስኪያልፍ አልጠበቀም፤ ሰኪና በትዳር ዘመኗ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ እንደገና ተናገረው።